ቢራ ጠማቂው የጨረቃ ካርታ ሠሪ

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» ማለት ሲቃጣኝ ዮሐንስ ሄቬሊየስ ትዝ ይለኛል። ሰውየው ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው የፖላንድ ወደብ ከተማ ቢራ ጠማቂ ነበር። ቀን ንግዱን ሲያጧጡፍ ይውልና ሲመሽ ጣሪያው ላይ ወደሠራው መመልከቻ ይወጣል። ለዓመታት ጨረቃን በቴሌስኮፕ እያየ ሣለ፤ ሥዕሉንም በገዛ እጁ መዳብ ላይ ቀረጸ።

ቁም ነገሩ ያለው ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። እዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታበራ ትንሹ ጉብታ እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። ጨረቃ ስትሞላ ግን ጥላው ይጠፋል፤ ጉብታውም አይለይም።

ሥራው «ሴሌኖግራፊያ» ተብሎ በ1647 እ.ኤ.አ. ታተመ። ካወጣቸው ስሞች አብዛኞቹ ቢቀሩም የጨረቃ አፔናይን ተራሮች ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ።

በ1679 መመልከቻው ከነመሣሪያው ተቃጠለ። በ68 ዓመቱ እንደገና ሠራው። ሲሞት ደግሞ አብራው ሰማይ ትለካ የነበረችው ባለቤቱ ኤሊሳቤት ያላለቀውን የከዋክብት ማውጫ አሳተመችለት።

ወዳጆቼ፣ ተራ ባይነኩላር ካላችሁ ይበቃል። ሙሉ ጨረቃን አትጠብቁ፤ ግማሽ ስትሆን ውጡና ጠርዙን እዩት።