ከተራራው ሥር

ለደጋ ሰው ሮንዳ ግራ ያጋባል። እኛ ዘንድ ሰው የሚሰፍረው ከላይ ነው፤ እርሻውም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አምባው ላይ፣ ሸለቆው ደግሞ ለቆላ ሙቀትና ለወባ። እዚህ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ነፋሱ የሚያፏጭበት ገላጣ ተራራ የበጎች ሲሆን ሰው ታች ወንዙ ዳር ተጠጋግቶ ይኖራል። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ሸለቆውን ተከትለው ይጠማዘዛሉ፤ አንዱ ከተማ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ እንጃ!

ሰዉን ወደ ታች የሳበው የድንጋይ ከሰል ነው። ታላቁ ሮንዳና ትንሹ ሮንዳ የሚባሉት ሁለት ሸለቆዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወይ ተራራውን መሻገር ነው፣ ወይ ወንዞቹ እስከሚገናኙባት ፖርዝ ወርዶ መዞር።

ሸለቆዎቹ ያሉበት አስተዳደር ሮንዳ ከነን ታፍ ይባላል፤ የሦስት ወንዞች ስም ነው። አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን «ካውንቲ ቦሮ» ይሉታል፤ ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ ቆሻሻ ማንሳቱን አንድ ምክር ቤት ጠቅልሎ የሚይዝበት የአካባቢ አስተዳደር ማለት ነው። ከንቲባ አለ፤ ሥራው ግን ክብረ በዓል ላይ መገኘት ነው፤ ሥልጣኑ የምክር ቤቱ መሪ እጅ ነው።

ይህ ምክር ቤት ሌላም ከባድ ሸክም አለበት። የከሰል ጉድጓዶቹ ተዘግተዋል፤ ከውስጣቸው የወጣው አፈርና ድንጋይ ግን ተራራው ላይ እንደተከመረ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከባድ ዝናብ ዘንቦ ታይለርስታውን በምትባል መንደር ከክምሩ 60,000 ቶን ገደማ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚሁ አጎራባች በሆነው መርቲር ቲድፊል፣ አበርቫን በምትባል መንደር ግን እ.ኤ.አ. በ1966 እንዲህ ያለ ክምር ትምህርት ቤት ላይ ወርዶ 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞተዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እዚህ ዝናብ ሲጠነክር ዓይኔ ወደ ላይ ይሄዳል።

ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። የምክር ቤቱ 75 አባላት ሲመረጡ ድምፅ የሚሰጠው 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ነው፤ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ጭምር። የብሪታንያ ዜግነት አይጠየቅም! የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከዚያ ክምር ሥር የሚኖር ሰው ስሙን አስመዝግቦ፣ ስለ ክምሩ የሚወስኑትን ሰዎች ይመርጣል።