ልጄ ጠያቂ፣ እኔ ተጠያቂ

ልጄ ማስተርሷን ልትጀምር መሆኑን የነገረችን አንድ እሑድ ቡና ላይ ነው። “ክሪሚኖሎጂ ነው የምማረው” አለች። አባቷ ስኒውን አስቀመጠና “እሱ ደግሞ ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቃት። ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፍርድ ቤቱና ማረሚያ ቤቱ እንዴት እንደሚሠሩ፣ የተበደለው ሰው በመሀል ምን እንደሚደርስበት የሚያጠና ትምህርት እንደሆነ አስረዳችው። አባቷ ሲያዳምጥ ቆይቶ “እንግዲህ ሕግ ተምረሽ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ፣ አሁን ደግሞ ፖሊስ ልትሆኚ ነው?” አላት።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበር። ልጇ ገና አራት ዓመቱ ነው። የማታ ትምህርት ማለት በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቤት አለመግባት ማለት ነው። ልጁን ማን ይይዛል? ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልመለስኩም፤ ሰኞ ማታ ግን ልጁ እኔ ቤት ነበር። አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ጡረታ ሲወጡ ደመወዙ ይቀንሳል እንጂ ተረኝነቱ አይቀርም።

ለምን እንደፈለገችው የገባኝ ቆይቶ ነው። ሥራ ላይ ሳለች የዘጋቻቸው መዝገቦች እንቅልፍ ነስተዋት ኖሯል። “ሰውየው ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም የዘጋሁት፤ ፋይሉ ውስጥ ምንም ስለሌለ ነው” ትለኝ ነበር። የሕግ ትምህርቷ አንቀጹን አስተምሯታል። ፋይሉ ለምን ባዶ ሆኖ እንደሚመጣ ግን አላስተማራትም።

ልጁ ከተኛ በኋላ ወረቀቶቿን ማገላበጥ ለመድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የሎምብሮሶን ነገር ነው። ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር፤ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ ነው፣ በራስ ቅሉና በመንጋጋው ይታወቃል አለ። ዓለምም ለብዙ ዓመታት አመነው። ሐኪም ሲሳሳት እንዲህ ነው፤ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ማንም “ተው” አይለውም። ከዚያ ይልቅ የወደድኩት በ1979 እ.ኤ.አ. ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጻፉትን ነው። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ጊዜ መገናኘት አለባቸው ይላሉ፤ ለማጥፋት የተዘጋጀ ሰው፣ የሚጠቃ ሰው ወይም የሚወሰድ ንብረት፣ ከዚያም የጠባቂ አለመኖር። እናቶቻችን “ልጅቷን ብቻዋን ውኃ አትላኳት” ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነበር። ግን ውኃው ከቤት ሩቅ ነው፤ ማን አብሯት ይሂድ?

ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቿ ለቡድን ሥራ ቤታችን ይመጣሉ። ከመካከላቸው ሃያ ዓመት ያገለገለ አንድ ኢንስፔክተር አለ። ስታትስቲክስ ከብዶት ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የምርመራ ሥራ ሲነሳ ግን ሁሉም ብዕሩን ያነሣል። አንድ ቀን ሽሮ እየበላ፣ ደም የነካው ልብስ በፌስታል ታስሮ ስለሚመጣላቸው ነገር አወራ። እርጥብ ልብስ በፌስታል ሲታፈን ይሻግታል፤ ከዚያ ላቦራቶሪው ምንም አያገኝበትም። በጥላ ሥር ደርቆ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው በወረቀት ከረጢት ገብቶ፣ ማን ለማን መቼ እንዳስረከበ ተፈርሞበት ነው መቀመጥ ያለበት። እኔ እንጀራ ላቀርብ ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለምን እንደቆምኩ ማንም አላስተዋለም።

በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ መረጠች። የተደፈሩ ሴቶችን የሚቀበሉ የጤና ባለሙያዎች ማስረጃ እንዴት እንደሚይዙ ነው። መጠይቁን መስክ ከመውጣቷ በፊት በሰው ላይ መሞከር ነበረባት። “እማዬ፣ አንቺ ላይ ልሞክረው” አለችኝ። የፈቃደኝነት ቅጽ ዘረጋችልኝ። ስሜ እንደማይጻፍ፣ ካልፈለግኩ ማቆም እንደምችል ልክ እንደማታውቀኝ ሆና አነበበችልኝና አስፈረመችኝ። ሳቄ መጣ። ስልኳን መቅጃው ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እስከ ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ ቀላል ነበር። ዘጠነኛው “በሥራ ዘመንዎ ከተጎጂ የተገኘ ማስረጃ በአግባቡ ጠብቀው ያውቃሉ?” የሚል ነው። ከሰላሳ ስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለአባቷም ጭምር።

1979 ዓ.ም. ነው። በአንድ የአውራጃ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከዲፕሎማዬ ሌላ የማውቀው ነገር የሌለኝ ወጣት ነርስ ነበርኩ፤ ገበሬው ግን “ዶክተር” ነበር የሚለኝ። አንድ ማለዳ እናትና አጎት አንዲት ልጅ በቃሬዛ አመጡ። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተጠልፋ፣ በሦስተኛው ቀን አምልጣ የመጣች ናት። ቀሚሷ ተቀዳድዷል። አልተናገረችም፤ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ውኃ አሙቄ፣ ከእግር እስከ ራሷ በሳሙና አጠብኳት። ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ ቁስሏን አሸግኩላት፣ የራሴን ነጠላ አለበስኳት። ቀሚሷን ዓይኗ እንዳያየው ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት። ካርዷ ላይ “ቁስሏ ታጥቦ ታሽጓል” ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። በዚያ ቀን ጥሩ ነርስ እንደሆንኩ ተሰምቶኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ አሥር አለቃ መጣ። ሰውየው “በፈቃዷ ነው የመጣችው” ብሎ ቃል ሰጥቷል። አሥር አለቃው ልብሷን ጠየቀኝ። ጓሮ ወስጄ አመዱን አሳየሁት። ምንም አላለኝም፤ ካርዷን ገልብጦ ያችን አንድ መስመር አነበበና መለሰልኝ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ገቡበት። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። አባቷ ክሱን የሚይዝበት ነገር አጥቶ እሺ አለ፤ ተዳረችለት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልትወልድ መጣች። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ስትሄድ እጄን ስማ “ያን ቀን ያጠቡኝን አልረሳውም፤ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ።

ይህን ስጨርስ ልጄ ስልኳን አጠፋችው። ብዙ ቆይታ “እማዬ፣ መዝገብ በዘጋሁ ቁጥር ያጠባትን ሰው በሆዴ እረግም ነበር” አለች። ሁለታችንም ሌላ ነገር አልተናገርንም። ልጁ ነቅቶ ውኃ ጠየቀ፤ እሷ ተነሥታ ሰጠችው።

የጠለፋው ሕግ ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማግባቱም ከክስ አያድነውም። ዛሬ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ማዕከል ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጎጂዋን ይቀበላሉ። እናንተም ይህን ያዙ። በልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ የእናት እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ውኃና ሳሙና ነው። አትጠቧት፤ የለበሰችውን እንደለበሰች ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለውም እስከ 5 ቀን ይሰጣል። የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ ተብሎ ሕክምና አይዘገይም።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጄ መጠይቁን አሻሽላ አመጣችው። ዘጠነኛው ጥያቄ ተቀይሯል። አሁን “ተጎጂ ሲቀበሉ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያስተማረዎ ማን ነው? መቼ?” ይላል። የእኔ መልስ ለሙከራ ስለሆነ በጥናቱ ውስጥ አይገባም፤ አማካሪዋም እናት ተጠያቂ ልትሆን አትችልም ብለዋል። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም።

ይኸው አሁን በየጤና ጣቢያው እየዞረች ነርሶችን ትጠይቃለች። ማታ ደክሟት ስትገባ እራቷን ሳላቀርብ “ዘጠነኛውን ምን ብለው መለሱልሽ?” እላታለሁ።

“ምስጢር ነው እማዬ” ትለኛለች ጫማዋን እያወለቀች። “ፎርሙ ላይ ፈርሜያለሁ።”