ስንት ደቂቃ አተረፍክ?

የሚዛኑን ሞጁል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጠረጠሩት ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ናቸው።

መጋዘኑ በር ላይ የጭነት መኪና ይመዘናል። ክብደቱን ከሚዛኑ ተቀብሎ የሚያቀብለው ሞጁል ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ነው የሚሠራው። ተራ ፕሮግራም ከድንበሩ ሲያልፍ ከርነሉ ይገድለዋል። ከርነሉ ውስጥ ሆነህ ስትሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የሚይዝህ የለም።

ስለብ የሚባለው የሊኑክስ ሚሞሪ አከፋፋይ ለፍጥነት የተሠራ ነው። የተለቀቀን ቦታ እንዲሁ አያጸዳም፤ እንዲያውም የቀጣዩን ክፍት ቦታ አድራሻ እዚያው በተለቀቀው ላይ ይጽፈዋል። ቆንጆ ዘዴ ነው፣ አሁንም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ቤቱን ለቅቀህ ቁልፉን ይዘህ ከቀረህ፣ አዲሱ ተከራይ ከገባ በኋላም ዕቃውን ማተረማመስ ትችላለህ። የኔም ሞጁል ያደረገው ይኼንኑ ነው። የአንዱ መኪና ቦታ ከተለቀቀ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ቁጥር እዚያው ይጻፋል፤ መኪናዎች ተሰልፈው ሲመጡ ቦታው ለሚቀጥለው ተሰጥቷል።

ኩንታል ጎደለ ተባለ። ጋሼ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። «ልጄ፣ ማሽንህ ይዋሻል እንዴ?» ሲሉኝ «ማሽን አይዋሽም ጋሼ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያፍረኛል።

ስለብ መፈተሻ አለው። ማሽኑ ሲነሳ ካዘዝከው የተለቀቀውን ቦታ በ6ቢ ይሞላል፤ ዳግም ሲሰጥ 6ቢው ተነካክቶ ካገኘ ይጮኻል። በሙከራ ጊዜ በርቶ ነበር። ሥራ ሲጀመር ያጠፋሁት እኔ፣ «ያዘገያል» ብዬ።

ያዘገያል፣ እውነት ነው። ትልቅ ሰርቨር ላይ ቦታ በየቅጽበቱ ስለሚጠየቅ ትንሿ ፍተሻ ተደማምራ ትከብዳለች። ለዚህም በ2021 ኬፌንስ የሚባል መጣ፦ ሁሉን ሳይሆን በየ100 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ቦታ ናሙና ወስዶ የሚጠብቅ። ሺህ ማሽን ላላቸው አንዱ ጋ ይያዛል። እኛ ያለን አንድ ማሽን ነው፣ ያውም መኪናው ሚዛን ላይ ለመውጣት ብቻ ደቂቃ የሚፈጅበት። ማንን ነበር የማስቸኩለው?

መፈተሻውን መልሼ ባበራሁ በሁለተኛው ቀን ጮኸ። 6ቢ፣ 6ቢ፣ 6ቢ፣ መሃል ላይ የአንድ መኪና ክብደት።

ማስጠንቀቂያው ተነሳ። ለጋሼ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ደቂቃ አተረፍክ ታዲያ?» አሉኝ።

ማይክሮ ሰከንድን ላስረዳቸው ስጀምር መኪና መጣ፤ ተነስተው ሄዱ።