ዋጋ የተቆረጠለት ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። በአንድ አሮጌ ራዲዮ ዋጋ ከነጋዴው ጋር ስከራከር፣ ጆንያ የተሸከመ ጎረምሳ ከኋላዬ ገፋ አደረገኝ። «ወንድሜ፣ ሸክም ነው!» አለኝ። ነጋዴው ቀደመኝና «አንተ ባሪያ፣ አታይም?» ብሎ አምባረቀበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እኔስ? ፈገግ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ዋጋ እንዲቀንስልኝ ብዬ ለነጋዴው ፈገግ አልኩለት።

ነገሩ የቆረቆረኝ ራዲዮዬን ታቅፌ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጎበዝ፣ «ባሪያ» ስድብ ብቻ ይመስለናል። ሰው ሆኖ የተሸጠበት ዘመን ግን ሩቅ አይደለም።

አናሲሞስ ነሲብን ታውቁታላችሁ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት። ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠ። አስቡት… እኔ በራዲዮው ላይ እንደተከራከርኩት ሁሉ፣ አንዱ «በዛ»፣ ሌላው «ጨምር» እያለ ዋጋ የተቆረጠለት ልጅ ነው።

በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣው። እዚያው አካባቢ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ት/ቤት ተማረ። በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። የመጽሐፍ ቅዱሱ አናሲሞስም ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስ ጌታውን ፊልሞናን «እንደ ወንድም ተቀበለው» ብሎ የለመነለት።

ሂካ እንደ ስሙ ተርጓሚ ሆነ። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ። ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ግን ዓመታት ፈጀበት። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። በ1931 ሲሞት ባርነት በአገራችን ገና ፈጽሞ አልቀረም ነበር። በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ።

እኔ ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም እያልኩ ስኮራ ኖሬአለሁ። ቅዳሜ ዕለትም አላወጣሁትም። ራዲዮውን ግን ነጋዴው ቀንሶልኛል።

ልጁ «ወንድሜ» ነበር ያለኝ። አልመለስኩለትም።