«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

ዛሬ ስለ ቢሮ ሥራዬ ሳይሆን ስለ አንድ ጥፋቴ ልጽፍላችሁ ነው።

እዚህ አፉላ ከጥቂት ወጣቶች ጋር በነፃ የምንሠራት አንዲት የምዝገባ ድረ ገጽ አለችን። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲረዱ ወላጆች በስልክ ያስመዘግቡባታል። ቦታው 40 ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ምዝገባው እንደተከፈተ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? አንዱን ቦታ ሁለቴ ነካሁት» አሉኝ።

ያበላሸሁትስ እኔ ነበርኩ።

ሰርቨራችን አፓቼ ነው። በኛ አሠራር እያንዳንዱን ሰው አንድ ፕሮሰስ ያስተናግደዋል። ስንት ፕሮሰስ ባንድ ጊዜ ይሥራ የሚለውን የሚወስን ቁጥር አለ፤ ካልነኩት 256 ነው። እኔ ደግሞ «ማንም በር ላይ አይቁም» ብዬ 400 አደረግሁት። ሰው ማስጠበቅ ነውር መስሎኝ።

ኮምፒውተር የተማረው የእህቴ ልጅ መጥቶ ለካው። አንዱ ፕሮሰስ 60 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይበላል። 400 ሲሆን 24 ጊጋባይት ነው፤ ያለን 4 ብቻ! ሜሞሪ ሲያልቅ ማሽኑ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉም ተያይዘው ይቆማሉ።

«አጎቴ፣ 1 ጊጋ ለሲስተሙና ለዳታቤዙ እንተው፤ የቀረውን 3 ለ60 ሜጋ አካፍለው» አለኝ። 50 መጣ። «50 ብቻ?» አልኩ። «አንዱ ጥያቄ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ 50ው በሰከንድ 100 ይመልሳሉ። የተረፈው ተሰልፎ ይጠብቃል እንጂ አይወድቅም።» ሌላም አገኘ፤ የጨረሰ ሰው ምናልባት ይመለስ እንደሆነ ተብሎ ፕሮሰሱ 5 ሰከንድ ሥራ ፈቶ ይጠብቀዋል። እሱን ወደ 2 አወረደው። ትሬድ የሚባሉት በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሆነው ሜሞሪ ስለሚጋሩ ከዚህም ይቀላሉ፤ ወደዚያ መሻገሩን ግን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

እኔ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጣሁ ልጅ ነኝ። ያኔ አንድ ጃምቦ ከ1,000 በላይ ሰው እንደጫነ ሁላችንም እናውቃለን። የቻለው ግን ወንበሩ ተነቅሎ፣ እኛም ሻንጣ ሳንይዝ ነው። ሸክሙን ሳያቀሉ ቁጥር መጨመር አይሆንም። ይህን እያወቅሁ ረሳሁት።

ወላጆችን ይቅርታ ጠይቀን ምዝገባውን ደገምነው። አንዳንዱ ትንሽ ጠበቀ፤ የወደቀበት ሰው ግን አልነበረም። እኚያ እናትም ልጁን በገዛ ጣታቸው አስመዘገቡት።

ወገኖቼ፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ሲቆምባችሁ «እኔ አላውቅበትም» ብላችሁ አትተዉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከወዲያ ነው። ደውሉ፣ ጠይቁ።