ያልተከደነው በርሜል

ልጆች ሆይ፥ ሰው የራሱን ጥፋት ሳይመረምር ሌላውን ቢከስ እንዴት እንደሚያፍር፥ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ጊንጪ የምትባል ከተማ አለች። ከእርስዋ በስተ ሰሜን የጭልሞ ደን ይገኛል፤ ጥድና ዝግባ ወይራም ያለበት፥ ከአዋሽ ወንዝ ምንጮችም አንዳንዶቹ የሚነሡበት ነው። በዚያ አጠገብ ሳስተምር ለትምህርት ቤታችን እርሻ አንድ አሮጌ ትራክተር ነበረን። እንደ ዛሬዎቹ በናፍጣ ሳይሆን በቤንዚን ይሠራ ነበር፤ ከተማሪዎቹም አንድ ትጉህ ልጅ ይነዳው ነበር።

በአንድ ዓመት በሰኔ ወር፥ ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ ለሞተባት ባልቴት መሬቷን ልናርስላት ቃል ገባን። በቀጠሮው ቀን ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ነዳጅ ሲጨመርለት ይጮሃል፥ ዝግ ሲል ይንተፋተፋል፥ ወዲያውም ይጠፋል። ይህን ዝግ ያለ አዟዟር መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል።

እኔም ሳላጣራ ካቻቢቴ አንሥቼ የካርቡራተሩን ብሎን ወዲያና ወዲህ አዞርሁ። ካርቡራተር ማለት፥ እናት ዱቄትንና ውሃን መጥና ሊጥ እንደምታቦካ፥ ነዳጅንና አየርን በልክ የሚቀላቅል የሞተር ክፍል ነው። ብሎኑ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ስላልቈጠርሁ የቀድሞው ልክ ጠፋብኝ፤ ሞተሩም ከፊተኛው ይልቅ ባሰበት። ያን ጊዜ ተቈጥቼ ልጁን «አንተ ነካክተህ አበላሸኸው» አልሁት። እርሱም «የኔታ፥ እኔ አልነካሁትም» ብሎ አለቀሰ። እኔ ግን አላመንሁትም፤ ከትራክተሩም አራቅሁት። ባልቴቲቱም ሦስት ቀን በእርሻዋ ዳር ተቀምጣ ጠበቀችን።

በአራተኛው ቀን ከጊንጪ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጣ። «የኔታ፥ ብሎኑን ይተዉት፤ አስቀድመን የሚጠጣውን እንይለት» አለኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፥ በአጠገቡም እሳት እንዳይኖር አዝዞ፥ በካርቡራተሩ ሥር ያለውን መክፈቻ ፈታ፤ የወረደውንም በብርጭቆ ተቀበለ። ቤንዚኑ ከላይ ሰፈፈ፥ ውሃና የዝገት ትቢያ ከታች ረጋ፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና። «ሞተሩ ሲፈጥን በሰፊው ቀዳዳ ይጠጣል፤ ዝግ ሲል ግን እንደ መርፌ ዓይን በጠበበችው ቀዳዳ ነው። ጉድፍ የዘጋው እርስዋን ነው» አለ። ቀዳዳይቱ እንዳትሰፋ በሽቦ አልወጋትም፤ በንጹሕ ቤንዚን አጥቦ በጎማ መንፊያ ነፋት።

ከዚያ በኋላ ካንዴላውን አወጣ፤ በጥላሸት ጠቍሮ ነበር። «ይህ የነዳጅ መብዛት ምልክት ነው፤ ብሎኑን ያለ ልክ ከፍተውታል። በዚህ ደጋ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ነዳጁም በዚያው መጠን ማነስ አለበት» አለ። ብሎኑንም ሳያስጨንቅ እስኪነካ ድረስ ዘጋው፥ አንድ ዙር ተኩል ከፈተው፥ ሞተሩም ሲሞቅ ድምፁን እየሰማ ጥቂት በጥቂት አስተካከለው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሳያቋርጥ ዞረ።

በመጨረሻ ሽማግሌው «ውሃው ከወዴት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ትራክተሩ ከመታወኩ በፊት በነበረው ማታ፥ በካባዬ ላይ የፈሰሰውን የጧፍ ሰም ላስለቅቅ ከበርሜሉ ቤንዚን ቀድቼ፥ ሳልከድነው ሄጄ ነበር፤ ሌሊቱንም ዝናም ዘነበ። ማንም አላየኝም። ዝም ብል ኖሮ ጥፋቱ በልጁ ላይ ተላክኮ ይቀር ነበር።

ነገር ግን ልጁን የከሰስሁት በሰው ፊት ነበርና፥ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቤ «በርሜሉን ሳልከድን የተውሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሆይ፥ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጕልበቴን ሊስም ጐነበሰ፤ እኔ ግን አንሥቼ ሳምሁት። በዚያው ቀን የባልቴቲቱን መሬት እርሱ አረሰላት፤ እርስዋም መረቀችው። እኔ በርሜሉን ከደንሁ፤ ከዚያ ወዲህም ነዳጅ በወንፊት ሳላጠልል አልቀዳሁም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ሞተር ቢታወክባችሁ ብሎኑን ከማዞር በፊት ነዳጁን እዩ፤ ነገር ቢበላሽባችሁም ባልንጀራችሁን ከመክሰስ በፊት የራሳችሁን እጅ ተመልከቱ።