የሰባት ሰከንድ ዕዳ

ድራመር የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ፊት የሚቆሙት መሪ ዘማሪዎች ስማቸው ይጠራል፤ ኪቦርድ ተጫዋቹም ቢሆን ዞር ተብሎ ይታያል። ድራመሩን ሰው የሚያስታውሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። በኳየር ውስጥ ለዓመታት ድራም ስለተጫወትኩ ይህን የምለው በምሬት ሳይሆን በልምድ ነው። ስለ ድሮው ሂፕ ሆፕ የምጽፍላችሁም ከዚያው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሙዚቃ ከሁሉ በፊት የድራመሮች ታሪክ ነው።

ነገሩ የጀመረበት ቀን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ድግስ አዘጋጀች። ትምህርት ሊከፈት ስለነበር ለልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ወንድሟ ክላይቭ ነው። ከጃማይካ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ሲሆን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዲጄ ኩል ሄርክ በሚለው ስሙ ነው።

ሄርክ ሰዉን እያየ አንድ ነገር አስተዋለ። ጭፈራው ይበልጥ የሚደምቀው ዘፋኙ ሲዘፍን አይደለም፤ ዘፋኙም ጊታሩም ጥሩምባውም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቅጽበት ነው። ይህችን ቅጽበት “ብሬክ” ይሏታል። ኳየር ውስጥ ያለን ሰዎች በደንብ እናውቃታለን፤ ኪቦርዱ ጸጥ ብሎ ድራምና ጭብጨባ ብቻ ሲቀር ጉባኤው እንዴት እንደሚነሣ አይታችኋል። ችግሩ ብሬክ ቶሎ ማለቋ ነው። ሄርክ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረገ። በአንደኛው ላይ ብሬኳ ስታልቅ በሁለተኛው ያስጀምራታል፤ እዚያም ስታልቅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የጥቂት ሰከንድ ከበሮ የብዙ ደቂቃ ከበሮ ሆነ። በዚያ ላይ ሰው በማይክሮፎን መናገር ጀመረ፤ ንግግሩም ቤት መምታት ጀመረ።

እኔ ይህን ሙዚቃ ያገኘሁት ዋሽንግተን ዲሲ ከሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ለእረፍት ሲመጣ አንድ ፍላሽ ሞልቶ አመጣልኝ፤ ራን ዲኤምሲ፣ ኤሪክ ቢ እና ራኪም፣ ዴ ላ ሶል፣ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት። ግጥሙ ሳይገባኝ ከበሮውን ወደድኩት። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ብቻዬን እየመታሁ ስሞክር አንድ የማከብራቸው የቤተ ክርስቲያናችን አባት በር ላይ ቆመው ሰሙኝ። “ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ታገኛለህ?” አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም ጥያቄያቸውን እንደ ቀላል ነገር አላለፍኩትም። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ጆሮዬ የማይቀበለው ብዙ ቃል አለ፤ እየመረጥኩ ነው የምሰማው። እ.ኤ.አ. በ1980 “ዘ ብሬክስ” በተባለው ዘፈኑ ዝናን ያገኘው ኩርቲስ ብሎው በኋላ አገልጋይ ሆኖ በሃርለም ሂፕ ሆፕን ወደ አምልኮ ካስገቡት አንዱ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን የእርሱን ስም ጠርቼ ልከራከራቸው አልፈለግኩም። የጠየቁኝ እኔ ምን እንዳገኘሁ ነው።

መልሱ ቀስ እያለ የመጣው ከጓደኞቼ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን በቴሌግራም አንድ የድሮ ሂፕ ሆፕ ወዳጆች ቡድን ከፈትን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ዘፈን የሚልክ ሰው ስም አብሮ ይልካል። የዘፋኙን ብቻ አይደለም፤ ግጥሙን የጻፈውን፣ ከሥር ያለው ከበሮ ከየትኛው ሸክላ እንደተቆረጠ፣ ከበሮውንም ማን እንደመታው ጭምር። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ሰለቸው። “ዘፈን ልላክ ወይስ የቤት ሥራ ልሥራ?” ያለ ልጅ አለ። እየቆየ ግን ጨዋታው ይህ ሆነ። ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ ከዲሲ ሰዎች ገቡ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ እንቅልፏን ትታ የከበሮ ባለቤት ታፈላልግ ነበር። ስለ ሰባቷ ሰከንድ የነገረችንም እርሷ ናት።

ዊንስተንስ የሚባል መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገ ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ አንድ ደግ እንጀራ አባት የሚናገር “ከለር ሂም ፋዘር” የተባለ ዘፈን አወጡ፤ ዘፈኑም ለደራሲው ለሪቻርድ ስፔንሰር የግራሚ ሽልማት አስገኘ። በሸክላው ጀርባ ላይ ቦታ መሙያ የሚሆን አንድ ሙዚቃ ያስፈልጋቸው ነበርና የቆየ የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ዜማ ወስደው ያለ ድምፅ፣ በመሣሪያ ብቻ ተጫወቱት። ስሙን “አሜን፣ ብራዘር” አሉት። መሐል ላይ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ለሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይመታል። አራት ባር ነው፤ ከዚያ በላይ የለም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያቺ ሰባት ሰከንድ ዓለምን ዞረች። የሂፕ ሆፕ አዘጋጆች ቆርጠው ወሰዷት፤ የእንግሊዝ ወጣቶች አፍጥነውና ሰነጣጥቀው “ጀንግል” የተባለውን ሙዚቃ ሠሩባት፤ በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ሳይቀር ገባች። የተጠቀሙባት ዘፈኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። እናንተም ሳታውቁት ሰምታችኋታል። ስፔንሰር ነገሩን የሰማው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያኔ በሕግ ለመጠየቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ኮልማን ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። ከዚያ ሁሉ ዘፈን አንድ ሳንቲም አልደረሰውም።

ይህን ባነበብኩበት ሳምንት ድራሜ ላይ ስቀመጥ እጄ ከበደኝ።

እርሱ ብቻ ቢሆን “መጥፎ ዕድል” ብለን ባለፍነው ነበር። የጄምስ ብራውን ድራመር ክላይድ ስተብልፊልድ “ፋንኪ ድራመር” በተባለው ሥራ ላይ የመታው ከበሮ የፐብሊክ ኤነሚን “ፋይት ዘ ፓወር” ጨምሮ በስፍር ቁጥር በሌለው ዘፈን ውስጥ አለ። የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ብራውን ስለሆነ ድራመሩ የዕለት ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ፤ ሌላው ሁሉ አለፈው። በካንሰር ሲታመም የሕክምና ወጪውን ከሸፈኑለት አንዱ ሙዚቀኛው ፕሪንስ ነበር። ይህም የታወቀው ፕሪንስ ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ናስ እና ዴሚያን ማርሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡትን “አዝ ዊ ኤንተር” ቤት ውስጥ ከፍቼ ስሰማ አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። አባቴ ለሂፕ ሆፕ ፍቅር የለውም። “ይሄ የሙላቱ ነው!” አለ። ልክ ነበር፤ ከሥር ያለው የሙላቱ አስታጥቄ “የግሌ ትዝታ” ነው። ወዲያው የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ገረመኝ፤ “አስፈቅደውት ነው?” አለኝ። የሙላቱ ስም በሥራው ላይ እንደተጠቀሰ ነገርኩት። “እንግዲያውስ ደግ አደረጉ” ብሎ ጋዜጣውን መልሶ አነሣ፤ እስከ መጨረሻውም ሰማው። ስም ሲጠራ የማይወዱትን ሙዚቃ እንኳ በሰላም መስማት ይቻላል ማለት ነው።

የቡድናችን ሕግ በእውነት የተፈተነው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ የአዳማ ልጅ፣ ብዙ የማይናገር፣ እንጀራ ሸጠው ስላሳደጉት እናቱ በአማርኛ የጻፈውን አሥራ ስድስት መስመር በድምፅ ላከልን። በጣም ወደድነው። ከወራት በኋላ ሌላው አባላችን ያንኑ አሥራ ስድስት መስመር በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበው። ቪዲዮውም እጅ በእጅ ተዳረሰ። የአዳማው ልጅ ቡድኑ ውስጥ “ጥሩ አቀረብከው” ብሎ ጻፈና ወጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርን። ያቀረበው ልጅ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። “ቡድን ውስጥ የተለቀቀ የሁላችንም ነው። ደግሞስ ይህ ሙዚቃ ራሱ ከሰው በመውሰድ የቆመ አይደል? ሄርክ የሰው ሸክላ አይደል ያጫወተው?” አለ። አንዱ ጭራሽ አከለበት፦ ሄርክ ሌሎች ዲጄዎች እንዳይገለብጡት የሸክላዎቹን መለያ ወረቀት በውሃ አርሶ ይልጠው ነበር። ይህም እውነት ነው። ስም መላጥ የተጀመረው ገና ከመነሻው ነው።

የመለሰችለት የዱባይዋ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን “ራፐርስ ዲላይት”ን አስታወሰችን፤ ራፕን ከብሮንክስ አውጥቶ ለዓለም ያሰማው ዘፈን። ከሦስቱ ዘፋኞች አንዱ ያለው ግጥም የራሱ አልነበረም፤ ግራንድማስተር ካዝ ከተባለው የብሮንክስ ልጅ ደብተር የመጣ ነው። ካዝ በዘፈኑ ውስጥ የራሱን መጠሪያ ፊደል በፊደል ሲቆጠር ሰማ፤ ዘፋኙ ስሙን እንኳ አልለወጠውም። ክፍያም ሆነ ምስጋና አላገኘም። “መውሰድና መስረቅ አንድ አይደሉም” ብላ ጻፈች። “ሄርክ ሸክላውን ሲያጫውት የራሱ ሥራ ሁለቱን ማጫወቻ ማገናኘቱ ነበር። አንተ የጨመርክበት ምንድን ነው? የራሱን እናት ወስደህ የአንተ ናት አልክ።”

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም። በማግስቱ ልጁ ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ ግጥሙ የማን እንደሆነ በስም ተናገረ፤ ለዚያው ለተዳረሰው ሕዝብ ላከው። ለአዳማው ልጅም ደወለለት። ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። የአዳማው ልጅ ተመልሶ ገብቷል፤ ዘፈን ይልካል፣ ስምም ይልካል። የራሱን ግጥም ግን እስከ ዛሬ ድጋሚ አልላከም።

የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር ለምን እንደሚጠቅም ያኔ ገባኝ። ማን ቀድሞ ሰማ፣ ማን ብዙ ዘፈን ሰበሰበ ለሚል ፉክክር ከሆነ ያለ እርሱም መኖር ይቻላል። ኩል ሄርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ታሞ የሕክምና መድን እንደሌለው ሲሰማ ለመርዳት የተንቀሳቀሱት የሙዚቃው ወዳጆች ነበሩ። በ2015 ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ዲጄ በኢንተርኔት ጥሪ አድርጎ ያቺን ሰባት ሰከንድ የሚወዱ ሰዎች ከየአገሩ ያዋጡትን 24,000 ፓውንድ ገደማ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡት። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ አብዛኞቹም ዘፈን ሸጠው ያተረፉ አልነበሩም። ሲደሰቱበት በኖሩት ነገር ዕዳ እንዳለባቸው የገባቸው አድማጮች ናቸው። ገንዘቡ ለኮልማን አልደረሰም፤ እርሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። የተላጠውን ወረቀት መልሶ መለጠፍ ሁልጊዜ በጊዜው አይሳካም። ቢሆንም መለጠፉ ይሻላል።

ለእኚያ አባት “ከዚህ ጩኸት ያገኘሁት ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ስም መጠየቅን ነው” አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው በዘመሩበት ካሴት ላይ ድራም የመታው ልጅ ስሙ በሽፋኑ ላይ እንዳልወጣ ነገሩኝ። ስሙን ያስታውሱታል፤ የት እንዳለ ግን አያውቁም። አሁን ቡድናችን እየፈለገው ነው።

እናንተም ቤታችሁ ያለ የድሮ ካሴት ካለ ሽፋኑን ገልብጣችሁ እዩት። ስሙ ያልተጻፈው ማን ነው? የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ ስታገኙትም ጻፉት።